ሸምፖሽን ማን ያዘው

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለምኞት፣

እንዴት ነሽልኝ? ደረትሽ እንዴት ሆነልሽ? አሁን በጀርባሽ መተኛት ቻልሽ ወይስ እዚያም ትራስ ተደራርቦልሽ ቁጭ እንዳልሽ ነው የምታሸልቢው? ሳሉስ ተወሽ? እግርሽ ላይ የነበረው እብጠትስ ጎደለ? ምግብ ይበላልሻል? ድምፅሽስ ተመለሰልሽ? እኔ በጌታ ቸርነት በአካል ደህና ነኝ። ቁመቴ ሳይጨምር አልቀረም፤ የደንብ ልብሴ ሱሪ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ቀርቷል። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም ብዬ እንዳልጽፍ ደግሞ ውሸት አትወጂም። ብዙ ነገር ጎድሎብኛል።

ስለ ጤናሽ ስጠይቅ የሚያየኝ ሰው ቢኖር አበደ ይለኛል። በመጋቢት ስንቀብርሽ አፈር ካለበሱሽ አንዱ እኔ ነኝ፤ አልረሳሁም። ግን ከታመምሽ ጀምሮ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ የመጀመሪያ ሥራዬ ይህንኑ መጠየቅ ስለነበረ አፌ ለምዶታል። ሳልጠይቅሽ ልጀምር ብል ሌላው ወሬ አልወጣልኝ አለ።

ይህችን ታህል ጽፌ ተነሳሁና ግቢውን ዞሬ መጣሁ። መቀመጥ አቅቶኛል እህቴ። ክፍል ውስጥ እግሬ ሳላዝዘው ዴስኩን ያንቀጠቅጠዋል። በቀደም ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ፣ አንተ ሰሊሆም እየተማርክ ነው ወይስ ባጃጅ እየነዳህ? ብሎኝ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ከትምህርት በኋላ ከታችኛው ከተማ ከሲቀላ ወደ ላይኛው ወደ ሴቻ በእግሬ እወጣለሁ። ሚኒባስ አጠገቤ እየቆመ ረዳቱ ሴቻ ሴቻ ሲለኝ እንኳ አልሳፈርም። ላይ ስደርስ ጉዳይ የለኝም፤ ተመልሼ እወርዳለሁ። አንድ ቀን ኩልፎ ወንዝ ዳር ከሴቶቹ ጋር ለገበያ የሚሄደውን ሙዝ ስትለዩበት ወደነበረው ዳስ ሄድኩ። ሴቶቹ ሲያዩኝ ወሬያቸውን አቆሙ። እኔም የምለው አጥቼ፣ መኪናው ገና አልመጣም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። መኪናው እኮ ፊቴ ቆሞ ነበር።

እንዲህ የሚያቅበጠብጠኝ እማዬ በለቅሶሽ ላይ የተናገረችው ነገር ነው። ትምህርቴን አስትታ ወደምትኖርበት ወደ ዶርዜ ልትወስደኝ ነበር፤ ምክንያቷ ደግሞ የአንቺ ሕክምና ነው። ይህን ለማስረዳት ከአዲስ አበባው ልጀምር። አንቺ የምታውቂውን ለምን ይነግረኛል እንዳትይ። አንቺ ማሽኑ ላይ ተኝተሽ ጣራ ስታዪ እኔ ከወዲህ፣ ስክሪኑ ካለበት ክፍል ነበርኩ። ያላየሽው ብዙ ነገር አለ።

ባለፈው ክረምት ለጨረር ሕክምናሽ አጎታችን ዘካሪያስ ጋ ሽሮ ሜዳ ባረፍንበት ጊዜ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ መጀመሪያ ቀን ለፎቶ ስትገቢ አቶ ጥዑመልሳን እኔን ጠርቶ አጠገቡ አቆመኝ። የጨረሩን ልክና አቅጣጫ የሚያሰላው እሱ መሆኑን ታውቂያለሽ። ዝም ብዬ ስመላለስበት ደክሞት ነው መሰለኝ፣ ና እዚህ ቆመህ ተመልከት አለኝ። ከዚያ እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። ዕጢው ቀኝ ሳንባሽ ሥር፣ ደረትና ሆድን የሚለየው ጡንቻ ላይ የተቀመጠ ያህል ነው፤ ስለዚህ አርፎ አይቀመጥም። አየር ስትስቢ ይወርዳል፣ ስታወጪ ይወጣል። እንደ ተራ ነገር ፎቶ ቢነሳ እየሮጠ እንደተነሳ ሰው ይደበዝዛል፤ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ አይለይም። እሱን አምነው ጨረር ቢልኩ ዕጢው ገሸሽ ሲል ጤነኛው ሳንባ ይቃጠላል፤ ዕጢው ደግሞ ይተርፋል።

ሆድሽ ላይ ያስቀመጡብሽ ቀላል ሳጥን፣ ምንድን ናት ብለሽ ስትጠይቂኝ የነበረችው፣ ለዚህ ነበረች። ጣራው ላይ ያለው ካሜራ እሷን ያያል፤ ስትተነፍሺ ከፍ ዝቅ ስትል እኛ ጋ ስክሪኑ ላይ መስመር ትሥላለች። ማሽኑ ትንፋሽሽን ሁሉ ሲያነሳ ይቆይና፣ በኋላ እያንዳንዱን ፎቶ ከትንፋሽሽ ጋር አዛምደው ይለዩታል፤ ስትስቢ የተነሳው ለብቻ፣ ስታወጪ የተነሳው ለብቻ። ሙዝ እንደ መለየት ነው አልኩት። እንዲያ በለው አለኝ።

ማሽኑን የምታሠራው ሲስተር ጸዳለ በድምፅ ማጉያው፣ እንደ ወትሮሽ ተንፍሺ አለችሽ። እንደ ወትሮህ ተንፍስ ተብሎ እንደ ወትሮው የሚተነፍስ ሰው ግን አለ? መስመርሽ እንደ ጨንቻ መንገድ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል ተወረወረ። አቶ ጥዑመልሳን መነጽሩን አውልቆ መልሶ አደረገና፣ እህትህ ምንድን ነው ሥራዋ አለኝ። ሙዝ ትለያለች አልኩት። በሙዝ እንዲህ አይተነፈስም፣ ሌላስ አለኝ። መዘምራን ውስጥ ሶሎ ዘማሪ ናት ስለው ሳቀ። ከደረት የሚተነፍስ ዘማሪ ሁለት ስንኝ አይዘልቅም፣ ከሆድ ሳቡ እየተባልሽ ስንት ዓመት የለመድሽው አተነፋፈስ ነው ለካ ዕጢውን ከሌላ ሰው አብልጦ ሲያመላልሰው የነበረው። ስትወጪ ይህን አልነገርኩሽም፤ መዝሙርሽ ጥፋተኛ የሆነ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው። ደግሞም አልነበረም። አቶ ጥዑመልሳን ትንሽ አስቦ፣ እንዲህ መሳብ የምትችል መያዝም ትችላለች አለ። ዕጢው የሚመላለስበትን ቦታ ሁሉ በጨረር ከመሸፈን፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ ዕጢው ባለበት ሲቆም ብቻ እንዲልኩ ወሰነ።

በሳቢ፣ ያዢ፣ ልቀቂ ስትከርሚ የሆነውን አንቺ ታውቂያለሽ፤ የማታውቂው መስመርሽ ምን እንደሚመስል ነው። ስክሪኑ ላይ ጠባብ መስኮት አለች። መስመሩ እሷ ውስጥ ገብቶ ካልቆመ ጨረሩ አይለቀቅም፤ ከወጣ ወዲያው ይቆማል። ሌላው ሰው ሲይዝ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ያዘነብላል። ያንቺ ግን አጎታችን ሸማው ላይ እንደሚወጥረው ክር ቀጥ ይል ነበር፤ ትናንት የቆመበት ቦታ ዛሬም ይቆማል። ሲስተር ጸዳለ ሌሎቹን ሠራተኞች ጠርታ አሳይታቸዋለች። እኔም እዚያ ቆሜ እንደ ሞኝ ካንቺ ጋር ትንፋሼን እይዝ ነበር፤ አንድም ቀን እስክትለቂ አልዘለቅሁም።

ከዚያ ነው ለእማዬ ስልክ የደወልሽው። እየሳቅሽ በጋሞኛ፣ እዚህ ሸምፖዬን ያዢ ይሉኝና እሱ ሲያዝ ይተኩሱብኛል አልሻት። በእኛ ቋንቋ ትንፋሽም ሸምፖ ነው፣ ነፍስም ሸምፖ ነው። አንቺ ትንፋሽ ማለትሽ ነበር፤ እማዬ የሰማችው ነፍስ ነው። ስልኩ ሲዘጋ ኔትወርክ ነው ብለን ሳቅን። በማግስቱ ማታ እማዬ የጨንቻ አፕል በጆንያ ተሸክማ ሽሮ ሜዳ የአጎታችን በር ላይ ቆማለች። አጎታችን ከሸማ መሥሪያ ጉድጓዱ ሳይወጣ፣ ዓለሚቱ ምን እግር ጣለሽ ሲላት፣ ሰላምታም ሳትሰጠው፣ የልጄን ሸምፖ የያዘው ማን ነው አለችው። እሱ ሲስቅ አፕሉን ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። እያለቀሰች ዛሬውኑ ይዤሽ እሄዳለሁ ስትልሽ፣ አንቺ አፕሉን እየለቀምሽ፣ ነገ መጥተሽ እይና ከዚያ ውሰጂኝ አልሻት።

መጣች፤ አንቺ ግን ማሽኑ ላይ ተኝተሽ ስለነበር የሆነውን አላየሽም። ሲስተር ጸዳለ አዝናላት ስክሪኑ አጠገብ ወንበር ሰጠቻት። እማዬ ግን አልተቀመጠችም። ይህ መስመር የልጅሽ ትንፋሽ ነው ብዬ በጋሞኛ ስነግራት፣ የተናገርኩት ያንኑ አንድ ቃል መሆኑን ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የታወቀኝ። መስመሩ ወጣ፣ ወረደ፤ እሷም በጣቷ በአየር ላይ ተከተለችው። ከዚያ ሲስተር ጸዳለ ያዢ አለች፤ መስመሩ ቀጥ አለ። የእማዬን ፊት ብታዪው። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ትንሽ ቆየችና የሲስተር ጸዳለን ክንድ ጨብጣ በዚያች በምታውቃት አማርኛ፣ «ልቀቀው! የኔ ልጅ ልቀቀው!» አለቻት። ሲስተር ጸዳለ ልቀቀው መባሏ አላስቆጣትም፤ እጇን በእማዬ እጅ ላይ አድርጋ፣ «እኔ እኮ አይደለሁም የያዝኩት እማማ፤ እሷ ናት» አለች። ይህን ስተረጉምላት ለቀቅሽ፤ መስመሩ ወረደ። እማዬም ለቀቀች። ለካ እሷም ይዛ ነበር።

ስትወጪ ልብስሽን አስተካከለችልሽ፤ ሄደን ምሳ በላን። በማግስቱ ብቻዋን ወደ ዶርዜ ተመለሰች። እኛ አመነች ብለን ነበር።

ከዚህ ወዲህ ያለውን አሳጥራለሁ፤ ስጽፈው እጄ ይቸኩላል። በጥቅምት ከሳልሽ ጋር የሚወጣው ደም ቆመ፣ ሳሉ ቀነሰ፣ ለገና ሶሎውን ዘመርሽ። በየካቲት ጎንሽን አመመሽ፤ ጉበትሽ ላይ ሌላ ዕጢ ተገኘ። በመጋቢት ሄድሽ። መዘምራኑ እስከ መቃብር እየዘመሩ ሸኙሽ፤ ባንቺ ቦታ ግን ማንም አልገባም፤ ሶሎው ሲደርስ ኪቦርዱ ብቻ ይሰማ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ነው እማዬ የተናገረችው። ከዶርዜ የመጡት ሴቶች ከበዋት ሳሉ፣ ይዘው ሲለቁ፣ ይዘው ሲለቁ ከርመው አንዱን ሳይለቁ ቀርተዋል አለች። ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዷ፣ እሳት የገባበት ሰው መቼ ይተርፋል አለች። እኔ ፍራሹ ጥግ ላይ ነበርኩ፤ እንዲህ አይደለም ልል ፈለግሁ፤ ግን እንዲህ ላለመሆኑ ምን አውቃለሁ? ምናልባት አንድ ቀን መስመሩ ከመስኮቱ ወጥቶ ሳያዩት ቀርቶ ይሆን? ጨረሩ ዕጢውን ስቶ ይሆን? ያ ሁሉ የያዝሽው ትንፋሽ በከንቱ ከነበረስ? ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው እግሬ እምቢ ያለኝ። ድንኳኑ ሲነሳ እማዬ ዕቃዬን ማሰር ጀመረች። አንዷን ከተማ በልቶብኛል፣ ሁለተኛውን አልሰጥም፤ ከአጎቶችህ ጋር ሸማ ትሠራለህ አለችኝ። ወይዘሮ ባዩሽ፣ ቤቱን ያከራዩን፣ ልጁ እኮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ ሰኔ ላይ ፈተና አለበት ቢሏት፣ እሷም ተምራ ነበር ብላ መለሰችላቸው።

እስከ ትንሣኤ ታገሽኝ ብዬ ለመንኳት። ከዚያ ስልክሽን ከፍቼ አቶ ጥዑመልሳንን ፈለግሁት፤ በስሙ አጣሁት፤ ለካ «ያዢ ልቀቂ» ብለሽ ነው የመዘገብሽው። በምሳ ሰዓት ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሆኜ ደወልኩ። መሞትሽን ነገርኩት። ጨረሩ ስቶ ነበር ወይ ብዬ በቀጥታ ጠየቅሁት። አልሳተም ብሎ ወዲያው ቢመልስልኝ አላምነውም ነበር። እሱ ግን፣ ማስታወሴ ብቻ አይበቃም፣ ምስሎቹን መልሼ ልይና ነገ ልደውልልህ አለኝ። ያን ቀን ሴቻ ሁለት ጊዜ ወጣሁ።

በማግስቱ ደወለ። የሁሉንም ቀን እንዳየው፣ ከያዝሽው ትንፋሽ ከመስኮቱ የወጣ እንደሌለ ነገረኝ። በጥር የተነሳሽው ፎቶ ላይ የሳንባሽ ዕጢ ከግማሽ በታች ሆኖ ነበር። የገደለሽ ጉበትሽ ላይ የወጣው ነው፤ እሱም ጨረሩ ሳይጀመር በፊት ተዘርቶ የነበረ ሳይሆን አይቀርም፣ ያኔ በፎቶ ለመታየት ደቃቃ ነበር አለ። ያኔ አይታችሁት ቢሆንስ አልኩት። ያኔ የሚታይ ነገር አልነበረም አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ጨረሩ የተላከበት ቦታ ደርሷል። ለማዳን ግን ያ ቦታ ብቻውን አልበቃም» አለ። አልቅሼ ይሆናል፤ የጥበቃው ሰውዬ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ።

ለእማዬ መንገሩ ግን ከባድ ነበር። የተሸከምኩት አማርኛ ነው፤ ማራገፍ ያለብኝ በጋሞኛ ነው። ሸምፖዋን ማንም አልያዘም፣ ራሷ ናት የያዘችው አልኳት። ያኔም ነግረውኛል፤ እሷ ከያዘችው ለምን አልቆየችም አለችኝ። በተገኘው ቃል፣ የመቱት ቦታ መመታቱን፣ በሽታው ግን ሌላ ቦታ ቀድሞ መግባቱን ነገርኳት። ጥጥ እየፈለፈለች ነበር፤ እጇ ቆመ። በኅዳር መጥታ አንቺ ጋ እንዳደረች ታስታውሻለሽ? በክረምቱ ቁጭ ብለሽ ነበር የምታድሪው፤ ያን ጊዜ ግን ከጎኗ በጀርባሽ ተዘርግተሽ ተኛሽ። እማዬ ያን እያሰበች ነበር ለካ። ቀና ሳትል፣ «በኅዳር ሸምፖዋን ሳዳምጥ አድሬአለሁ። የሕፃን ነበር» አለችኝ።

ቃሉ ያው ነው እህቴ። ግን ነፍስ ማለቷ አልነበረም። እኔም አላረምኳት፣ እሷም አላብራራችም። ጥጡን መፈልፈል ቀጠለችና ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ፈተናህ መቼ ነበር ያልከው አለች። ከዳግማይ ትንሣኤ አምልኮ በኋላ ያሰረችውን ዕቃዬን ፈትታ መደርደሪያው ላይ መለሰችልኝና በዶርዜ መኪና ብቻዋን ወጣች። መኪናው ሲነሳ በመስኮት፣ እንዳትከሳ ብቻ አለችኝ።

አሁን ሰላምታ ላድርስ። ለአባዬ ሰላም በይልኝ፤ ሲሞት ትንሽ ስለነበርኩ መልኬን ባያውቀው አፍንጫህን የወሰደው ልጅህ በይው። ለአያታችን ለሊሻን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ከዚህ በኩል ወይዘሮ ባዩሽ ሰላም ብለውሻል፤ በራፌ ላይ ቆመው ሲያለቅሱ ሳያቸው ሽንኩርት ነው ይላሉ። ባርኮትም ሰላም ብሎሻል፤ ዛሬም የመዘምራኑን ኪቦርድ ሲመታ ያፈጥናል፣ ቀስ በል የሚለው ግን ጠፍቷል። አጎታችን ዘካሪያስ በስልክ ሰላም ብሎሻል። የዳሱ ሴቶችም እንዲሁ። የእማዬን ሰላምታ እኔ አላደርስም፤ እሷ በየቀኑ ራሷ የምታነጋግርሽ ይመስለኛል።

ሰኞ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነበር። ፀሐይ ግድግዳው ላይ ወጥታ ነበር፤ የቀሰቀሰኝ የለም። ፊቴን ታጥቤ የማታውን ሻይ ቀዝቃዛውን ጠጣሁ፣ የደንብ ልብሴን ለበስኩ፣ ደብተሬን ይዤ ወጣሁና በሩን ሳብኩት። ከዚያ ቆምኩ። ይህ በር ከአዲስ አበባ ከተመለስን ወዲህ ከውጭ ተቆልፎ አያውቅም፤ ሁሌም ውስጥ ሰው ነበር። የጓጉንቸር ቁልፉ የት እንደገባ እንኳ አላውቅም። ተመልሼ ገብቼ ፍራሹን ገለጥኩ፣ መደርደሪያውን በረበርኩ፣ የለም። ወይዘሮ ባዩሽን ጠየቅሁ። ሄደው የማገዶ ቤታቸውን ቁልፍ ከነመክፈቻው ነቅለው አመጡልኝ። ዝጎ ነበር፤ አልገባ አለኝ። ከኋላዬ ቆመው፣ ቀስ አድርገህ፣ አትጫነው አሉ። ቀስ አድርጌ ቆለፍኩት። ሳብ አድርጌ አየሁት፤ ተቆልፏል። መክፈቻውን ኪሴ ከትቼ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ወንድምሽ ሰሊሆም
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ሚያዝያ ፳፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.